ውሳኔና ውጤት፤ የአሜሪካን ፉትቦል የመጨረሻ ደቂቃዎች ምን ያስተምሩናል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2009 ምሽት፣ ለዶክትሬት ትምህርት በአሜሪካ በነበርንበት ጊዜ፣ ከቤተ ሙከራ ባልደረቦቻችን ጋር ቴሌቪዥን ከብበን ተቀምጠን ነበር። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የተባለው ቡድን ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን 34 ለ28 እየመራ፣ ጨዋታው ሊጠናቀቅ 2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ቀርቶታል። ኳሷ በፓትሪየትስ እጅ ናት፤ ሆኖም የምትገኘው ከራሳቸው የግብ መስመር 28 ያርድ ብቻ ርቃ ነው። ሙከራው አራተኛውና የመጨረሻው ሲሆን የሚጎድላቸውም 2 ያርድ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ያነሰ ርቀት ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ልማዱ ኳሷን በእግር መትቶ በተቻለ መጠን ማራቅ ነው። አሠልጣኙ ቢል ቤሊቺክ ግን ልማዱን ትተው ቡድናቸው ሁለቱን ያርድ እንዲሞክር አዘዙ። ሙከራው ለጥቂት ሳይሳካ ቀረ። ኮልትስ ኳሷን በቅርብ ርቀት ተረክበው፣ 13 ሰከንድ ሲቀር አስቆጠሩና 35 ለ34 አሸነፉ።

በዚያ ክፍል የነበርን ሁሉ በአንድ ድምፅ "ምን ዓይነት ሞኝነት ነው!" አልን። በማግሥቱ አማካሪ ፕሮፌሰራችን ወሬያችንን ሰምተው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ "ኳሷ ከመነሣቷ በፊት፣ የሚሳካበትን ዕድል ስንት ብላችሁ ገምታችሁ ነበር?" መልስ አልነበረንም። ዕድሉን አልገመትንም፤ አማራጩንም አልመዘንንም። ለካስ የፈረድነው በውሳኔው ላይ ሳይሆን በውጤቱ ላይ ኖሯል። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ማለት ይኸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ውሳኔ መመዘን ያለበት በተወሰነበት ሰዓት ይታወቅ በነበረው ነገር እንጂ በኋላ በደረሰው ውጤት አይደለም። ይህን እውነት እንደ አሜሪካን ፉትቦል የመጨረሻ ደቂቃዎች አጉልቶ የሚያሳይ መድረክ ጥቂት ነው ብለን እናምናለን፤ በዚያ ሰዓት ውሳኔው፣ ዕድሉና ውጤቱ በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት ተነጣጥለው ይታያሉና።

ጨዋታው በአጭሩ

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር የሚጋራው ከስሙ ብዙም አያልፍም። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። በሁለቱ የግብ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው። ኳሷን የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሷን ባለችበት ቦታ ለተቃራኒው ያስረክባል። ኳሷን ይዞ የግቡን መስመር ያለፈ "ተችዳውን" ይባልለትና 6 ነጥብ ያገኛል፤ በተጨማሪም በምት 1 ወይም በሌላ ሙከራ 2 ነጥብ የመጨመር ዕድል አለው። ኳሷን መሬት ላይ አስደግፎ በመምታት በሁለቱ ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ያሳለፈ ደግሞ "ፊልድ ጎል" ተብሎ 3 ነጥብ ይቆጠርለታል። ተስፋ በቆረጠበት አራተኛ ሙከራ ኳሷን መትቶ ማራቁ "ፐንት" ይባላል።

ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። ከእኛው እግር ኳስ በእጅጉ የሚለየው ግን በሰዓቱ ጠባይ ነው። በብዙ አጋጣሚ አንድ ሙከራ አብቅቶ ሌላው እስኪጀመር ድረስ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ ኳሷን የያዘው ቡድንም እስከ 40 ሰከንድ ድረስ ሊያዘገይ ይችላል። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ አጋማሽ ሦስት ጊዜ "ታይም አውት" ጠይቆ ሰዓቱን የማስቆም መብት አለው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለቱ ቡድኖች የሚሻሙት ሜዳውን ብቻ ሳይሆን ሰከንዶቹንም ጭምር ነው።

የምቱ ፊዚክስ

በቅድሚያ ምቱን ራሱን እንመልከት። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ስፋት 5.64 ሜትር፣ የአግዳሚው ከፍታ 3.05 ሜትር ነው። ቋሚዎቹ የተተከሉት ከግቡ መስመር 10 ያርድ ወደ ኋላ ሲሆን፣ መቺው ደግሞ ከሰልፉ መስመር 7 ወይም 8 ያርድ ወደ ኋላ ሆኖ ይመታል። በመሆኑም ኳሷ ከግቡ መስመር 30 ያርድ ላይ ብትሆን የምቱ ርቀት 47 ወይም 48 ያርድ ነው ማለት ነው።

ኳሷ ከመካከለኛው ቦታ ተመትታ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ብትዘነበል ምን ያህል ስሕተት ይፈቀድላታል? ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ነው። የስፋቱን ግማሽ፣ 2.82 ሜትርን፣ ለርቀቱ እናካፍልና ማዕዘኑን እናውጣ። ከ33 ያርድ ሲመታ የሚፈቀደው ስሕተት በእያንዳንዱ ጎን 5.3 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ47 ያርድ ሲሆን ወደ 3.8 ዲግሪ ይወርዳል። ከ66 ያርድ ደግሞ 2.7 ዲግሪ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1991 የቡፋሎ ቢልስ መቺ ስኮት ኖርዉድ በሱፐር ቦውል ፍጻሜ ከ47 ያርድ መትቶ ኳሷ በቀኝ ቋሚ በኩል ስታልፍና ቡድኑ 20 ለ19 ሲሸነፍ፣ ሻምፒዮንነትን ከሽንፈት የለየው ይህች የጥቂት ዲግሪዎች ጉዳይ ነበረች።

ርቀት የሚያጠብበው ማዕዘኑን ብቻ አይደለም። በሰከንድ 30 ሜትር የተመታች ኳስ አየር በሌለበት ዓለም በ45 ዲግሪ ብትነሣ 92 ሜትር ገደማ በሄደች ነበር። በእውነተኛው ዓለም ግን የአየር ተቃውሞ ከዚህ ብዙ ይቀንስባታል። የዴንቨር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 15 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህም እዚያ የተመታች ኳስ ራቅ ብላ ትሄዳለች። ማት ፕሬተር እ.ኤ.አ. በ2013 በወቅቱ ክብረ ወሰን የነበረውን የ64 ያርድ ምት ያስቆጠረው በዚያች ከተማ ነበር። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከዴንቨርም በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ እዚህ ቢሆን ኳሷ የበለጠ በራቀች ነበር።

ተከላካዩስ ምን ያደርጋል? መቺው ርቀት ሲፈልግ ኳሷን ዝቅ ባለ ማዕዘን መላክ ይቀናዋል፤ ተከላካዩ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። በሰከንድ 30 ሜትር ፍጥነትና በ40 ዲግሪ የተነሣች ኳስ 5 ሜትር ስትጓዝ ከፍታዋ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ዘሎም የሚደርስባት የለም። በ30 ዲግሪ ብትነሣ ግን በዚያው ቦታ 2.7 ሜትር ገደማ ላይ ትሆናለች። ይህ ረጅም ሰው ዘሎ እጁን ሲዘረጋ የሚደርስበት ከፍታ ነው። ተከላካዮች ከሰልፉ መሐል አንድ ሁለት ሜትር ገፍተው ለመግባትና እጃቸውን ለመዘርጋት ያላቸው ጊዜ ኳሷ ከተነሣች ጀምሮ 1.3 ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ መቺው ዘወትር በርቀትና በከፍታ መካከል ይመርጣል፤ ሁለቱንም በአንድነት ሊያገኝ አይችልም።

ሰዓቱ ዋጋን ሲለውጥ

እዚህ ላይ አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር እናስተውል። ቶም ዴምፕሲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1970 ለኒው ኦርሊንስ ሴንትስ 63 ያርድ፣ ፕሬተር በ2013 64 ያርድ፣ ጀስቲን ተከር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2021 ለባልቲሞር ሬቨንስ 66 ያርድ፣ ካም ሊትል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ለጃክሰንቪል ጃጓርስ 68 ያርድ አስቆጥረዋል። አራቱም በየዘመናቸው አዲስ ክብረ ወሰን ነበሩ። አራቱም የተመቱት በአጋማሽ ወይም በጨዋታ ማብቂያ ላይ ነው። የዴምፕሲና የተከር ምቶችማ ዲትሮይት ላየንስን በተመሳሳይ ውጤት፣ 19 ለ17፣ ያሸነፉ ነበሩ።

ይህ መገጣጠም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በጨዋታው መሐል ረጅም ምት የሳተ ቡድን ኳሷን ከተመታችበት ሥፍራ ለተቃራኒው ያስረክባል፤ ይህም ከባድ ዋጋ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ግን የመሳት ዋጋ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ምቱ ያው፣ መቺውም ያው ሲሆን፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት ዕብደት የነበረው ድርጊት አሁን ብልሃት ይሆናል። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ሆኖም "ወደ ዜሮ" ማለት "ዜሮ" ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013 የአላባማና የኦበርን ዩኒቨርሲቲዎች 28 ለ28 እኩል ሆነው አንድ ሰከንድ ቀርቷቸው ነበር። ያቺን አንዲት ሰከንድ ወደ ሰዓቱ ያስመለሱት የአላባማው አሠልጣኝ ኒክ ሴባን ራሳቸው ናቸው። ቡድናቸው የ57 ያርድ ምት ሞከረ። ኦበርን ግን ክሪስ ዴቪስ የተባለውን ፈጣን ተጫዋች ወደ ኋላ፣ ከቋሚዎቹ ሥር አቁሞት ነበር። ኳሷ ሳትደርስ ቀረች፤ ዴቪስ በአየር ላይ ተቀብሏት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር፣ ከ100 ያርድ በላይ ሮጦ አስቆጠረ። ኦበርን 34 ለ28 አሸነፈ። ለምን እንደዚያ ሊሮጥ ቻለ? በምት ጊዜ መቺውን ለመከለል የሚሰለፉት ሰዎች ግዙፎችና ዘገምተኞች ናቸውና፣ ሯጭን አሳድደው ሊይዙ አይችሉም። የኦበርን ተከላካይ ክፍል ያደረገው ሁሉም ሰው ባዶ ነው ብሎ በተወው ቦታ ላይ አንድ ሰው ማቆም ነበር።

መንገድ የሚለቅ ተከላካይ

ከሁሉ ይልቅ ተመልካችን የሚያስገርመው ግን ተከላካይ ሆን ብሎ ሲያስቆጥር ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2012 በተደረገው የሱፐር ቦውል ፍጻሜ ፓትሪየትስ ኒው ዮርክ ጃያንትስን 17 ለ15 እየመሩ አንድ ደቂቃ ገደማ ቀርቶ ነበር። ጃያንትስ ከግቡ መስመር 6 ያርድ ላይ ደርሰዋል። አህመድ ብራድሾው ኳሷን ይዞ ሲሮጥ የፓትሪየትስ ተከላካዮች መንገድ ለቀቁለት። እሱም ነገሩ ገብቶት ከመስመሩ በፊት ሊቆም ሞከረ፤ ነገር ግን ግስጋሴው አሸንፎት ጀርባውን እንደሰጠ ከመስመሩ ማዶ ተቀመጠ። ፊዚክስን ለሚያስተምር ሰው የኢነርሺያ ምሳሌ ከዚህ የተሻለ አይገኝለትም! ሰዓቱ 57 ሰከንድ ያሳይ ነበር።

ለምን ለቀቁ? ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ፓትሪየትስ አጥብቀው ቢከላከሉ ኖሮ ጃያንትስ ሰዓቱን አቃጥለው፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ከቅርብ ርቀት ፊልድ ጎል ይመቱ ነበር። እንዲህ ያለ ምት የሚሳተው ከመቶ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው እንበል። እንግዲያው የፓትሪየትስ የማሸነፍ ዕድል ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ቢለቁ ግን አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ይኖራቸዋል፤ በዚያ ጊዜ ተችዳውን የማስቆጠር ዕድላቸው ከመቶ 10 ብቻ ቢሆን እንኳ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ስለዚህ ነጥብ ሰጥተው ጊዜ ገዙ። በመጨረሻ 21 ለ17 ተሸነፉ፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። ከመቶ 90 የሚጠበቀው ነገር ደረሰ፣ ይኸው ነው።

የዚህ መስተዋት ምስል እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 ታየ። ካንሳስ ሲቲ ቺፍስና ፊላዴልፊያ ኢግልስ 35 ለ35 ሳሉ የቺፍሱ ጄሪክ ማኪነን ነጻ መንገድ አግኝቶ ሳለ፣ ከግቡ መስመር ጥቂት ሲቀረው ሆን ብሎ መሬት ላይ ተንሸራተተ። ስድስት ነጥብ ትቶ ሰዓቱን መረጠ። 8 ሰከንድ ሲቀር ሃሪሰን ባትከር ከ27 ያርድ መታ፤ ቺፍስም 38 ለ35 አሸነፉ።

ከዚህ የምንረዳው ተጫዋቾቹ ማብዛት የሚፈልጉት ነጥብን ሳይሆን የማሸነፍን ዕድል፣ ማለትም ሒሳበኞች ፕሮባቢሊቲ የሚሉትን መሆኑን ነው። ነጥብና የማሸነፍ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ የተሳሳተውን መጠን ሲያሰላ የቆየ ሰውም የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው።

የእኛ አንባቢ ይህን ከሚያውቀው እግር ኳስ ጋር ሊያነጻጽረው ይሻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ፣ ጋናና ኡራጓይ 1 ለ1 ሳሉ፣ ሉዊስ ሱዋሬዝ በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ ወደ ግብ የምትገባውን ኳስ በእጁ መለሰ። የተረጋገጠን ጎል ሊሳት በሚችል ፍጹም ቅጣት ምት ለወጠ ማለት ነው። አሳሞዋ ጂያን የመታት ኳስ አግዳሚውን ነካች፤ ኡራጓይም በመለያ ምት አለፈች። ስሌቱ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ሱዋሬዝ ሕግ ጥሶ ቅጣቱን ከፍሏል፤ የፓትሪየትስ ተከላካዮች ግን አንድም ሕግ አልጣሱም። ስሌት ምን እንደሚያዋጣ ይነግረናል እንጂ ምን እንደሚገባ አይነግረንም።

የያዙትን አለመልቀቅ

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ የመከላከል ስልት ደግሞ አለ። የሚመራ ቡድን በመጨረሻ ተከላካዮቹን ወደ ኋላ አርቆ ያሰልፋል፤ አጫጭር ርቀቶችን ይፈቅዳል፣ ረጅሙን ብቻ ይከለክላል። ሐሳቡ ርቀት ሰጥቶ ሰዓት መግዛት ነው። ተቃራኒው ተችዳውን የሚያስፈልገው ከሆነ ይህ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። ፊልድ ጎል ብቻ የሚበቃው ከሆነ ግን ስልቱ አደገኛ ነው፤ ተቃራኒው መድረስ ያለበት እስከ ግቡ ሳይሆን መቺው እስከሚችልበት ርቀት ብቻ ነውና።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2002 የሆነው ይኸው ነው። ሴንት ሉዊስ ራምስና ፓትሪየትስ 17 ለ17 ሳሉ፣ ፓትሪየትስ ከራሳቸው 17 ያርድ ላይ 1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይዘው፣ አንድም ታይም አውት ሳይኖራቸው ተነሡ። የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ጆን ማደን ሰዓቱ እንዲያልቅ ትተው ጭማሪውን ሰዓት ቢጠብቁ ይሻላል ሲሉ ነበር። ቡድኑ ግን በአጫጭር ቅብብሎሽ እየገፋ ሄደ፤ አዳም ቪናቴሪም ከ48 ያርድ መትቶ 20 ለ17 አሸነፉ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባላል፤ ጥያቄው ግን ሁልጊዜ መያዝ ያለበት የትኛው ነው የሚለው ነው።

መቺውን ማስጨነቅ

አሠልጣኞች የሚወዱት ሌላም ዘዴ አለ። ተቃራኒው መቺ ሊመታ ሲል ታይም አውት ጠርተው ቆሞ እንዲያስብና እንዲሸበር ያደርጉታል። ይህ ይሠራል? ስኮት ቤሪና ክሬግ ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ዘዴው የመሳካትን ዕድል እንደሚቀንስ ገለጡ። ቶቢያስ ሞስኮዊትዝና ጆን ዌርታይም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት መጽሐፍ ውጤት እንደሌለው ተከራከሩ።

ሊቃውንቱ እንዴት ሊለያዩ ቻሉ? መልሱ በናሙናው ብዛት ላይ ይገኛል። ታይም አውቱ የመሳካትን ዕድል ከ80 በመቶ ወደ 75 በመቶ ያወርዳል ብለን እናስብ። ይህን ልዩነት በአጥጋቢ ሁኔታ ለመለየት በእያንዳንዱ ወገን አንድ ሺህ ያህል ምቶች ያስፈልጋሉ። በመጨረሻ ሰከንዶች የሚመቱ፣ ጨዋታን የሚወስኑ ምቶች ደግሞ በአንድ የውድድር ዘመን ጥቂት ናቸው። እንግዲህ አንድ አሠልጣኝ ከአንድ ወይም ከሁለት አጋጣሚ ተነሥቶ "ይሠራል" ወይም "አይሠራም" ሲል፣ አንድ ጊዜ ሳንቲም ወርውሮ ስለ ሳንቲሙ ከሚፈርድ ሰው በምን ይለያል?

ወደዚያ ምሽት ስንመለስ

አሁን ወደ 2009ኙ ምሽት እንመለስና ያኔ ያልሠራነውን ስሌት እንሥራ። ሁለት ያርድ የማግኘት ዕድሉን 60 በመቶ እንበል። ከተሳካ ጨዋታው ያለቀ ያህል ነው። ካልተሳካ ኮልትስ ከቅርብ ተነሥተው የማስቆጠር ዕድላቸው 50 በመቶ ይሁን። ፐንት ቢመታ ደግሞ ከሩቅ ተነሥተው የማስቆጠር ዕድላቸው 30 በመቶ ይሁን። በመሞከር የማሸነፍ ዕድል 60 ሲደመር የ40 ግማሽ፣ ማለትም 80 በመቶ ነው። በፐንት ግን 70 በመቶ። በእነዚህ ግምቶች መሞከሩ የሚያዋጣው የሁለቱ ያርድ ዕድል ከ40 በመቶ በላይ እስከሆነ ድረስ ነው። ቁጥሮቹን አንባቢ እንደ መሰለው ሊለውጣቸው ይችላል፤ "ሞኝነት" የሚለው ፍርድ ግን እንደማይቆም ይመለከታል።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። ራሱ ተጫዋች የነበረው ቨርጂል ካርተር ከሮበርት ማኮል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1971 የሜዳው እያንዳንዱ ሥፍራ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ አስልቶ አሳትሟል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዴቪድ ሮመርም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ቡድኖች በአራተኛው ሙከራ ከሚገባው በላይ ምትን እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ሆኖም አሠልጣኞች ለረጅም ዓመታት አልተለወጡም። ምክንያቱ ስሌት አለማወቅ ብቻ አይመስለንም። ልማዱን ተከትሎ የተሸነፈ አሠልጣኝን ማንም አይወቅሰውም፤ ተጫዋቾቹ ይወቀሳሉ። ከልማዱ ወጥቶ የተሸነፈ ግን ብቻውን ይቆማል። እንግዲያው አሠልጣኙ የሚያበዛው የቡድኑን የማሸነፍ ዕድል ሳይሆን የራሱን ከወቀሳ የማምለጥ ዕድል ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 በሱፐር ቦውል ፍጻሜ ኢግልስ በፓትሪየትስ 33 ለ32 እየተመሩ፣ 5 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ሲቀር፣ ከራሳቸው 45 ያርድ ላይ አራተኛ ሙከራና አንድ ያርድ ገጠማቸው። አሠልጣኙ ደግ ፒደርሰን እንዲሞከር አዘዙ። ተሳካ፤ ኢግልስም በመጨረሻ 41 ለ33 አሸነፉ። ፒደርሰን ደፋር ተብለው ተወደሱ። ቤሊቺክ በተመሳሳይ ዓይነት ውሳኔ ተወቅሰው ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥበብ ሳይሆን፣ በአንድ ሙከራ አንድ ሜትር የማትሞላ ርቀት ናት። ዛሬ ቡድኖች በአራተኛው ሙከራ ከቀድሞው ይልቅ አብዝተው ይሞክራሉ፤ ለዚያ ግን ስሌቱ ከታተመ በኋላ ዐሥርተ ዓመታት መጠበቅ አስፈልጓል።

በዚህ አስተያየት ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አንስተውም። ስሌቱ አማካይን ይናገራል እንጂ የዚያን ዕለት ንፋስ፣ የተጫዋቹን ድካም፣ የተጎዳውን ጉልበት አያውቅም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ግምቱን ለማረም የሚያበቃ ምክንያት እንጂ ግምት ላለመስጠት የሚያበቃ አይደለም። "ስሜቴ ነግሮኛል" የሚል አሠልጣኝም ሳያውቀው አንድ ቁጥር በልቡ ይዟል፤ ቁጥሩን ያልጻፈው ግን ማንም እንዳይመረምርበት ነው።

ለእኛ የሚቀረው

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ ሩቅ አገር ጨዋታ ለማውራት ብቻ አይደለም። የሚከተለውንም ሳናፍር እንናገር። ከዓመታት በፊት፣ ካስተማርንባቸው ተቋማት በአንዱ፣ የሁለት ተማሪዎችን የመመረቂያ ጥናት እንድንገመግም ተመደብን። አንደኛው ብዙ ጊዜ የተሠራን ሙከራ በንጽሕና ደግሞ አቀረበ። ሁለተኛው የመለኪያ መሣሪያውን ራሱ ሠርቶ፣ ማንም በቤተ ሙከራችን ያልለካውን ነገር ለመለካት ሞከረ። ዕቅዱን አስቀድመን አንብበን ወደነው ነበር። ክረምቱ ገባ፣ መብራት ደጋግሞ ጠፋ፣ መሣሪያው ተበላሸ፤ ተማሪውም በእጁ የረባ ውጤት ሳይዝ ቀረበ። ለመጀመሪያው ከፍተኛ፣ ለሁለተኛው ዝቅተኛ ውጤት ሰጠን። የፕሮፌሰራችን ጥያቄ ትዝ ያለን ወረቀቱን ከፈረምን በኋላ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ተማሪዎች ምን እንደተማሩ አየን፤ አብዛኞቹ የታወቀውን ሙከራ መረጡ። ወቀሳን የሚፈሩ አሠልጣኞችን እያብጠለጠልን፣ በእጃችን ወቀሳን የሚፈሩ ተመራማሪዎችን አፈራን።

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር እናሳስባለን። የጥናት ዕቅድ ሲጸድቅ፣ ገምጋሚውና ተማሪው የሚሳካበትን ዕድልና ባይሳካ የሚገኘውን ትምህርት በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ይፈርሙ። በግምገማው ቀን መጀመሪያ የሚነበበው ያ ገጽ ይሁን። ከመቶ 40 ዕድል አለው ብለን ያጸደቅነው ሙከራ ባይሳካ ልንደነቅ አይገባም፤ ተማሪውንም ልንቀጣው አይገባም። ከመቶ 95 ይሳካል የተባለው ከከሸፈ ግን ያን ጊዜ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ውጤት በብዙ ነገር ይወሰናል፤ በንፋስ፣ በዝናብ፣ አግዳሚ ነክታ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ልትወድቅ በምትችል ኳስ። የተከር የ66 ያርድ ምት አግዳሚውን ነክታ ወደ ውስጥ ወደቀች። የጂያን ፍጹም ቅጣት ምት አግዳሚውን ነክታ ወደ ውጭ ወጣች። በእኛ እጅ ያለው ኳሷ ከመነሣቷ በፊት የምናስበው ብቻ ነው፤ ተማሪዎቻችንንም በዚያው እንመዝናቸው።